የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች

ከተማ ያደገ ሰው ቆጥን ላያውቀው ይችላል። በገጠር ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በእንጨት የተረበረበ ማስቀመጫ ነው፤ ዶሮም ይሰፍርበታል። ሴትዮዋ ብብቷ ሥር አንድ ነገር ሸጉጣለች። ቆጡ ላይ ሌላ አየችና እጇን ሰደደች። ክንድ ሲነሳ ብብት ይከፈታል፤ የያዘችው ዱብ አለ። የአባባሉ መነሻ ይኸው ነው። ምን ይዛ እንደነበር አልተነገረንም። የቆጡን ታውርድ አታውርድም አናውቅም።

ብዙ ጊዜ የምንተርትበት ሁለቱንም ባጣ ሰው ላይ ነው፤ ደህና ሥራውን ለቆ ንግድ ጀምሮ በከሰረው። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚገጥመው የቆጡን በእርግጥ ላወረደ ሰው ነው። ለማክቤዝ።

ሼክስፒር በ1606 ገደማ የጻፈውን ይህን ቴአትር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ማክቤዝ የስኮትላንድ የጦር አለቃ ነው። ንጉሥ ዳንካን ይወደዋል፤ ባንኮ የሚባል የጦር ሜዳ ወዳጅም አለው። ከድል ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች አገኙትና የኮዶር ጌታ ትሆናለህ፣ ኋላም ትነግሣለህ አሉት። ወዲያው መልእክተኛ መጥቶ የኮዶርን ሹመት አበሰረው። ልብ በሉ፣ ለዚህ ሹመት ማንም ላይ አላሴረም። ዘውዱም እንዲሁ በራሱ ጊዜ ይመጣ ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር። ግን አላስቻለውም።

ጥፋቱን ሁሉ በሚስቱ የሚያላክኩ አሉ። እርግጥ ወኔ የለህም እያለች ገፋፍታዋለች። የግድያው ሐሳብ ግን እሷን ከማግኘቱ በፊት ውል ብሎበታል። ዳንካንን ቤቱ በእንግድነት በተኛበት በጩቤ ወጋው። (በታሪክ የሚታወቀው ዳንካን የሞተው በ1040 በጦርነት ነው፤ ማክቤዝም ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ገዝቷል።)

ነገሠ። መጀመሪያ የሸሸው እንቅልፉ ነው። ቀጥሎ ባንኮ፤ ዘሮቹ ይነግሣሉ ስለተባለ ነፍሰ ገዳይ ሰደደበት። የዚያኑ ማታ ግብር ላይ መንፈሱ መጥቶ የማክቤዝን ወንበር ያዘ። ከዚያ ተቃዋሚው የሆነውን የመስፍኑን የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ። ዳንካንን ለመግደል ያን ያህል ያመነታ ሰው ለሕፃናቱ ሁለቴ እንኳ አላሰበም። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች፣ የሌለ ደም ከእጇ ለማስለቀቅ ስትፈትግ ቆይታ ሞተች።

ጠላት ሊከበው ሲቃረብ የጎደለበትን ራሱ ይቆጥራል። ሰው ሲያረጅ ሊኖረው የሚገባው ክብር፣ ፍቅር፣ ታዛዥና ወዳጅ አንዱም የለኝም ይላል። ምሳሌው ያልነገረን የብብት ዕቃ ይሄ ይመስለኛል። ትንሽ ቆይቶ ማክደፍ ገደለው፤ ዘውዱም ለዳንካን ልጅ ለማልኮም ሆነ።