የሙቅ ውሃ ቧንቧ ኢንሱሌሽን ምንድን ነው? ጅማ ላይስ የቱ ይሻላል?

ባጭሩ ለቧንቧ የሚለበስ ጋቢ ነው። ጋቢ ራሱ ሙቀት አይሰጥም አይደል፣ የናንተኑ ሙቀት ነው እንዳይወጣ የሚይዘው፣ እሱንም በጥጡ ሳይሆን በጥጡ መሃል በታፈነው አየር ነው። ኢንሱሌሽንም ያው አየር ቆልፎ የያዘ ስፖንጅ ምናምን ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ አያሞቅላችሁም፣ ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃም ጠቀለላችሁት አልጠቀለላችሁት ጠዋት ቀዝቅዞ ነው የሚጠብቃችሁ። የሚጠቅመው ውሃው ከጣሪያው ሶላር (በፀሀይ ውሃ ከሚያሞቀው) እስከ ሻወር ሲወርድ መንገድ ላይ ሙቀቱን እንዳይጥል፣ ደሞ አንዱ ታጥቦ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቧንቧው ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ነው። ቦይለራችሁ እዛው ሻወር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቧንቧው አንድ ሜትር ከሆነ ግን ተዉት፣ ብራችሁን ለሌላ ነገር አውሉት።

ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ ቧንቧ የሚሸፍኑት አንዱ ምክንያት ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳያፈነዳው ነው። ጅማ ላይ ይሄ ስጋት የለም። እኛ ጋ ጠላቱ ዝናብ ነው፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ነውኮ፣ ከዛ ደሞ ፀሀዩ። መንደራ ያለ አንድ ጎረቤቴ የሶላሩን ቧንቧ በፋይበር (ያ ጥጥ የሚመስለው የሚያሳክከው) ጠቅልሎ ላዩ ላይ ፌስታል አሰረበት፣ በጋውን አሪፍ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ሰርጎ ፋይበሩ ረጠበ፣ እርጥብ ጋቢ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ያም አልበቃ፣ እርጥቡን እንዳቀፈ ከርሞ ጋልቫናይዝዱ ቧንቧ ከስር ዝጎ ተገኘ።

ለዚህ ነው ውጭ ላይ ለሚሄድ ቧንቧ እኔ ጥቁሩን ጎማ መሳይ ስፖንጅ የምለው። ቀዳዳዎቹ ዝግ ስለሆኑ ውሃ አይመጥም። ቀለል ያለው የፖሊኤቲሊን ፎምም ውሃ አይመጥም፣ ቤት ውስጥ ለቦይለር ቧንቧ በቂ ነው፣ ግን ኃይለኛ ሙቀት አይወድም፣ የቱቦ ሶላር (በመስታወት ቱቦ የሚያሞቀው) ደግሞ የሞቀው ውሃ ሳይቀዳ ፀሀይ ላይ ከዋለ እስከ መፍላት ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚህ ከታንከሩ ሲወጣ ያለውን ክፍል ቢያንስ በጎማው አድርጉት።

ውፍረት ላይ ሰው ዝም ብሎ ይጨነቃል። እስኪ ሒሳቡን እንስራው፣ በግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ውስጥ 60 ዲግሪ ውሃ አለ፣ ውጭው 20 ዲግሪ ነው እንበል። ራቁቱን ከሆነ በሜትር ወደ 27 ዋት ሙቀት ይጥላል፣ 9 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ስታለብሱት ወደ 12 ይወርዳል፣ 19 ሚሊ ብታደርጉት ወደ 8። አያችሁ፣ ትልቁን ስራ የሰራው የመጀመሪያው 9 ሚሊ ነው! እኔ 13 ሚሊ ካገኘሁ እሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ የተረፈውን ብር መሸፈኛው ላይ።

መሸፈኛ ያልኩት ፀሀይ ጥቁሩን ጎማ እያደር ስለሚሰነጣጥቀው ነው። ብርማውን የአሉሚኒየም ቴፕ ጠምጥሙበት፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቧንቧ ላይ ደሞ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲደረብ፣ አለዚያ ዝናቡ በመጋጠሚያው ይገባል። አግድም በሚሄደው ላይ ደሞ ስፖንጁ ቧንቧው ላይ እንዲለበስ የተሰነጠቀበት መስመር ወደ ታች ይዙር።

ልክ ስትገዙ «ግማሽ ኢንች» ብላችሁ ብቻ እንዳትመለሱ፣ የሚለካው የቧንቧው የውጭ ስፋት ነው። ፒፒአሩ (የፕላስቲኩ ቧንቧ) 20 ሚሊ ነው፣ ጋልቫናይዝዱ 21 ከምናምን፣ ለሁለቱም ውስጡ 22 የሆነው ስፖንጅ ይገባል። ጠቦ በግድ የገባ ስፖንጅ አየሩ ተጨፍልቋል ማለት ነው። ክርን ጋ ሲደርስ ብዙ ቧንቧ ሰራተኛ ዘሎት ያልፋል፣ ቁሙና 45 ዲግሪ አስቆርጣችሁ አስገጥሙት፣ «እሱ እንኳን ችግር የለውም» ካላችሁ አትስሙት።

አንድ የማይነካ ነገር ቢኖር የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያንጠባጥብበትን ጫፍ ክፍት ተዉት፣ ቴፕ ተርፎኛል ብላችሁ እሱንም እንዳትጠቀልሉት።