ስለ ገጠር ኑሮ ዓምደኛው ኢ. ቢ. ዋይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጆቻቸውን አሜሪካ የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች «ሻርሎትስ ዌብ» የምትባለውን መጽሐፍ በልጃቸው ቦርሳ ውስጥ አይተዋት ይሆናል። አንዲት ሸረሪት አንድን አሳማ ከመታረድ የምታድንባት ታሪክ ናት። የጻፋት ኢ. ቢ. ዋይት ነው። ይህ ሰው ለትልልቆች የጻፈው ግን ብዙም አይወራለትም። ከ1938 እስከ 1943 «ሃርፐርስ» በተባለው መጽሔት ላይ በየወሩ ስለ ገጠር ኑሮው ይጽፍ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በጣም የምወደው ጸሐፊ ነው። ስለ እሱ የሚባለው ብዙ ነገር የተዛባ መሆኑ ያሳዝነኛል።

«የገበሬ ልጅ ነው»

አይደለም። በ1899 የተወለደው ከኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ ባለችው ማውንት ቬርነን ነው። አባቱ የፒያኖ ኩባንያ ኃላፊ ነበር። ዋይት ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ከዚያም ማንሃተን ገብቶ «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ስሙን ተከለ። የእርሻ ቤቱን የገዛው በ1933 ነው። ቤቱ ያለው ሜይን በተባለው ግዛት፣ ባሕር ዳር ባለችው ኖርዝ ብሩክሊን መንደር ነው። የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ሌላ ነው። ጓዙን ጠቅልሎ የሄደው ደግሞ በ1938፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። በግ ማርባትንም ሆነ ጫጩት ማሳደግን የተማረው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ዓምዱ የሚጥመውም አንዱ ለዚህ ይመስለኛል። ለገበሬው የዘወትር የሆነው ሁሉ ለእሱ አዲስ ነበር፤ ስለዚህ ምንም ነገር አያመልጠውም።

«ከተማ ሰልችቶት ለማረፍ ሸሸ»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከተማው አድክሞት ነበር። የሸሸው ግን ከሥራ አይደለም። በ«ኒው ዮርከር» በየሳምንቱ የሚጽፋት አጭር ሐተታ የጸሐፊ ስም የላትም። «እኛ» እያለ በመጽሔቱ አንደበት ነበር የሚናገረው። እሱ ግን በራሱ ስም፣ «እኔ» ብሎ መጻፍ ፈለገ። የ«ሃርፐርስ» ዓምድ ይህንን ዕድል ሰጠው። ዕረፍትማ ከየት ይመጣል! ዶሮ አለ፣ በግ አለ፣ ዝይ አለ፣ የሜይን በረዶ አለ። በጎቹ የሚወልዱበት ሰሞን ሲደርስ እንቅልፍ የለም።

ከተማውንም አልጠላም። በ1949 ስለ ኒው ዮርክ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ስለዚያች ከተማ በፍቅር ከተጻፉት ሁሉ አንደኛ ናት ብል አላጋነንኩም። በ1940ዎቹ ተመልሶም እዚያ ኖሯል። ሜይን ለዘለቄታው የገባው በ1957 ነው።

«ኑሮው በእርሻው ነበር፤ ሁሉንም ብቻውን ተወጣው»

እንቁላል ይሸጥ ነበር። የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ግን ብዕሩ ነው፤ የባለቤቱም ሥራ ጭምር። ካትሪን ዋይት በ«ኒው ዮርከር» የልብ ወለድ አርታዒ ነበረች፤ መጽሔቱን መጽሔት ካደረጉት ሰዎች አንዷ። በ1938 እሱን ተከትላ ስትሄድ የሙሉ ጊዜ ሥራዋን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ የደራሲዎቹ ጽሑፍ በፖስታ ሜይን ድረስ ይላክላት ነበር። ከ1958 ጀምሮ ደግሞ ስለ አትክልት መጻፍ ጀመረች። የዘር ሻጮችን ካታሎግ እንደ መጽሐፍ አንብባ ትተች ነበር፤ ከእሷ በፊት ይህን በቁም ነገር የያዘው ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1977 አረፈች። ዋይት ጽሑፎቿን ሰብስቦ በ1979 አሳተማቸው። የገጠር ዓምደኛ ሲባል የእሱ ስም ብቻ መነሳቱ ፍትሕ አይደለም።

«እንስሳ ስለሚወድ አያርድም ነበር»

ከሁሉም በላይ መስተካከል ያለበት ይህ ነው። ዋይት በጸደይ የአሳማ ግልገል ይገዛል፣ በጋውንና መኸሩን ይቀልበዋል፣ ብርዱ ሲገባ ይታረዳል። አሳማ ለብዙዎቻችን ሩቅ እንስሳ ነው፤ ለፋሲካ የሚቀለብ በግ ብለን ብናስበው ይቀርበናል። በ1947 መኸር ላይ አሳማው ታመመ። ዋይት ዘይት አጠጣው፣ ሐኪም ጠራለት፣ ሌሊት እየተነሳ አየው። አሳማው ግን ሞተ። ታሪኩ በጥር 1948 «አትላንቲክ» በተባለው መጽሔት ወጣ።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሊያርደው የነበረውን እንስሳ ለማዳን ይህን ያህል መከራ አየ፤ ሲሞትም ከልቡ አዘነ። ሥጋው ስለቀረበት አይደለም ያዘነው። ስቃዩን ከእንስሳው ጋር ስለተካፈለ ነው። ይህንን ቅራኔ አልደበቀውም፣ አላሳመረውም፣ ይቅርታም አልጠየቀበትም። ገጠር ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ያሳደጉትን መውደድና ማረድ አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ለአሳማ ቀለብ ይዞ ሲሄድ እንስሳው ሟች መሆኑ እያሳዘነው፣ የሚድንበትን መንገድ ማሰብ እንደጀመረ ራሱ ጽፏል። «ሻርሎትስ ዌብ» በ1952 ታተመች። አሳማው በመጽሐፉ ውስጥ ዳነ። መጽሐፏን የእንስሳት ወዳጅ የጣፈጠ ሕልም አድርጎ የሚያነባት ሰው ግማሿን አላነበባትም።

«ቀላል ጽሑፍ ስለሆነ በቀላሉ ነው የጻፈው»

እንዲህ የሚል ሰው አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፎ አያውቅም። ለሸረሪቷ ሲል ስለ ሸረሪት ብዙ አነበበ፣ ጎተራው ውስጥ ያለችውንም ተከታተለ። የእንቁላል ከረጢቷን ቆርጦ በከረሜላ ካርቶን ኒው ዮርክ ወሰደው፤ ግልገሎቹ ተፈልፍለው በመኝታ ቤቱ ዕቃ ላይ ድር ሠሩ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከጨረሰ በኋላ ለወራት አስቀመጠው። ከዚያ እንደገና ጻፈው። አሁን ታሪኩን የምትከፍተው ልጅ ፈርን በመጀመሪያው ረቂቅ አልነበረችም።

«ዶሮና በግ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ዓለም አይመለከተውም»

ዓምዱን የጻፈባቸውን ዓመታት ልብ በሉ። ሂትለር አውሮፓን እየዋጠ ነበር። ፈረንሳይ እጅ ከሰጠች በኋላ፣ በሐምሌ 1940፣ ዋይት ስለ ነጻነት ጻፈ። በወዳጆቹ ዘንድ የሰማውን «ምን እናድርግ፣ ዘመኑ ነው» የሚል ንግግር በግልጽ ተቃወመ። ከዚያ ወደ ዶሮዎቹ ቢመለስም ጦርነቱን አልረሳም። ለእሱ ዶሮ ቤቱም ጦርነቱም አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያስባቸው ነገሮች ናቸው።

እስከዚያ የጻፋቸው ዓምዶች በ1942 በመጽሐፍ መልክ ወጡ። በ1944 የአሜሪካ ጦር ይህን መጽሐፍ ለወታደሮች እንዳይታደል ካገዳቸው መጻሕፍት ጋር መደበው። ምክንያቱ በዚያ ዓመት ስለ ወታደሮች ድምፅ አሰጣጥ የወጣ ሕግ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሰራጭ ጽሑፍ በምርጫ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድር የፖለቲካ ክርክር እንዳይኖረው ይከለክላል። አሳታሚዎችና ጋዜጦች ጮኹ። ሕጉም በነሐሴ ተሻሻለ።