«መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖር የለም»፦ መነሻውና ትርጉሙ

ጅማ ውስጥ ይህን አባባል ለመስማት የግድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አያስፈልግም። ጥሩ ድምፅ እያላት ከመዘምራን ጋር መቆም የምታፍር ልጅ ስትኖር፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እቤት የተቀመጠ ጎበዝ ልጅ ሲታይ፣ አንድ ትልቅ ሰው «ኧረ ልጄ፣ መብራት ከዕንቅብ በታች አይቀመጥም!» ይላል። ችሎታህን አውጣው፣ ወጣ በል ማለቱ ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። አባባሉ መጀመሪያ ሲነገር ግን ነገሩ ስለ ችሎታ አልነበረም።

መነሻው ጌታችን ኢየሱስ በተራራ ላይ ያስተማረው ትምህርት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ለደቀ መዛሙርቱ «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» ካላቸው በኋላ፣ መብራትን አብርተው በመቅረዝ ላይ እንጂ ከዕንቅብ በታች እንደማያኖሩት ነገራቸው። ማርቆስና ሉቃስም ጽፈውታል፤ እነሱ ጋ «ከአልጋ በታች» የሚልም አለ። በዚያ ዘመን የድሃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ነበር። የወይራ ዘይት የሚጨመርባት አንዲት ትንሽ የሸክላ መብራት ለቤተሰቡ ሁሉ ትበቃለች። ለዚህ ነው «በቤት ላሉት ሁሉ ያበራል» የተባለው።

ዕንቅብን አይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ይኖራል። ከሣር የሚሰፋ፣ እህል የሚያዝበትና የሚሰፈርበት ትልቅ ዕቃ ነው። ጥቅጥቅ ተደርጎ ስለሚሰፋ እህል አያፈስም፤ ብርሃንም አያሳልፍም። የበራ ኩራዝ ላይ ብትደፉት ወይ ኩራዙ አየር አጥቶ ይጠፋል፣ ወይ ሣሩ ይያያዛል። እኛ ሰፈር ማታ መብራት ሲሄድ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ሻማው ተፈልጎ ይለኮስና ከፍ ያለ ቦታ ይፈለግለታል፤ ከጠፋ አንድ ባዶ ጣሳ ተገልብጦ ከላዩ ይቆማል። ይህን ጣሳ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ትልቁ ጥያቄ ብርሃኑ የማን ነው የሚለው ነው። ማንም መብራት ራሱን አይለኩስም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 40 ላይ የእግዚአብሔር ክብር ማደሪያውን ሲሞላው ሙሴ እንኳ መግባት አቃተው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በሠራ ጊዜም ካህናቱ ከክብሩ የተነሣ ቆመው ማገልገል አልቻሉም። ያ ሰው የማይደፍረው ክብር ነው እንግዲህ በሐዲስ ኪዳን አማኞች ውስጥ ያደረው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደሆኑ ነገራቸው። ለእነማን ነው ያለው? እርስ በርስ ለሚካሰሱ፣ ጎራ ለይተው ለሚጨቃጨቁ ሰዎች! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ክብሩ ወደ ሰው የሚገባው ሰውየው ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ቢሆን ኖሮ ማናችንም አንደርስበትም ነበር። ለቆላስይስ ሰዎችም ሲጽፍ ምሥጢሩን በአጭሩ አስቀመጠው፦ «ክርስቶስ በእናንተ ውስጥ»፣ እርሱም የክብር ተስፋ።

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦርን ስናከብር፣ ልጆች ቡሄ እያሉ ሲጨፍሩና ችቦ ሲለኮስ፣ የምናስበው ይኸው ብርሃን ነው። በተራራው ላይ የጌታ ፊት እንደ ፀሐይ በራ። የሙሴ ፊት ግን የተለየ ነው። ከሲና ተራራ ሲወርድ ፊቱ ማንጸባረቁን ራሱ አላወቀም ነበር። ያዩት ሌሎች ናቸው፤ ሊቀርቡትም ፈሩ። እውነተኛ ብርሃን ያለበት ሰው እንዲህ ይመስለኛል። ስለ ብርሃኑ ሲያወራ አትሰሙትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ጌታ «ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» ባለበት በዚያው ትምህርት፣ ምዕራፍ 6 ላይ፣ ለሰው ለመታየት ብላችሁ መልካም ሥራ እንዳትሠሩ ተጠንቀቁ ይላል። ታዲያ እንታይ ወይስ እንደበቅ? መልሱ ያለው በአባባሉ መጨረሻ ላይ ነው። ሰዎች መልካሙን ሥራ አይተው «በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ» ይላል። ነገሩ ማን ይመሰገናል ነው። ሰው አይቶኝ «እንዴት ያለ ሰው ነው!» ብሎ ከቆመ መብራቱን ሳይሆን መቅረዙን ነው ያየው። አይቶ ፈጣሪን ካመሰገነ መብራቱ ሥራውን ሠርቷል።

ወደ ጣሳው ልመለስ። የጅማ ሐሙስ ገበያ የታወቀ ነው። ገበያ ውስጥ ደግሞ የሥፍር ነገር ሁሌም ያጨቃጭቃል። ጣሳው ታቹ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ይሆናል፣ ሻጩ አፉን በመዳፉ ጠረግ ያደርገዋል፣ ገዢው ይቆጣል። አንዲት በቆሎና ባቄላ የሚሸጡ ክርስቲያን እናት አሉ። ጣሳውን ይሞላሉ፣ ነቅነቅ አድርገው እንደገና ይጨምራሉ፣ እስኪፈስ ይቆልላሉ፤ ከዚያ ሳይጠየቁ እፍኝ ሙሉ ምራቂ። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። አንዲት የገጠር እናት ፌስታሏን እያሰረች «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» ስትላቸው ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለቷ ነው። በገበያው መሐል፣ ያለ ስብከት፣ የፈጣሪ ስም በምስጋና ተነሣ።

ዕንቅብም እኮ መስፈሪያ ነው። በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም፤ ያለ እሱ ቤት አይኖርም። የብዙዎቻችንን ብርሃን የሚሸፍነውም ትልቅ ኃጢአት ሳይሆን ይኸው የዕለት እንጀራ ይመስለኛል፦ ቡናው ስንት ገባ፣ ኪራዩ ስንት ሆነ፣ ማን ቀደመኝ። መስፈሪያው ከመብራቱ በላይ ሲደፋ ቤቱ ይጨልማል። እንደዚያ እንደተገለበጠው ጣሳ ከመብራቱ በታች ሲሆን ግን ራሱ መቅረዝ ይሆናል። እኒያ እናት ንግዳቸውን አልተዉም። ንግዳቸው ላይ መብራቱን አቆሙበት።

በዚህ አባባል ሰው የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። የታመመ፣ ያዘነ፣ ሥራ ያጣ አማኝ «ለምን አታበራም?» ሲባል ቁስሉ ይብሳል። ጳውሎስ ግን ስለ ክብሩ ብርሃን ተናግሮ ሳይጨርስ «ይህ መዝገብ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አለን» ብሏል። ሸክላ ይሰነጠቃል። በመሳፍንት ምዕራፍ 7 የጌዴዎን 300 ሰዎች ችቧቸውን በማሰሮ ውስጥ ደብቀው ነው የሄዱት፤ ብርሃኑ በጠላት ፊት የታየው ማሰሮው ሲሰበር ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ልንጠይቅ ገብተን ስንወጣ «ልናጽናና ሄደን ተጽናንተን መጣን» የምንለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዲያበራ መጎትጎት አያስፈልግም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይበቃል።