የዩኒቨርሲቲ አትሌቲክስ ዳይሬክተር ለውጥ ምንድን ነው?

ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የአትሌቲክስ ክፍል ዳይሬክተር ከኃላፊነት መነሣቱ በተሰማ ቁጥር፣ በእኛ አካባቢ «አሰልጣኙ ተባረረ» የሚል ወሬ ይከተላል። አንድ የስፖርት አስተያየት ሰጪም ይህንኑ ደግሞ «ዳይሬክተሩ ከሄደ የልጆቹ ስኮላርሺፕ አብሮ ይሄዳል» ብሎ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከመንዲዳ ልጆቻቸውን በሩጫ ችሎታቸው ለትምህርት ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች እንዲህ ያለውን ንግግር ሰምተው የመጣውን ዕድል ሊመልሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ስሕተቱን ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

ዳይሬክተሩ አሰልጣኝ አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአትሌቲክስ ክፍል የሚባለው ሩጫን ብቻ ሳይሆን የአሜሪካ እግር ኳስን፣ ቅርጫት ኳስን፣ ዋናን፣ ቴኒስንና ሌሎችንም የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነው፤ በዚሁ በአሜሪካ እግር ኳስ በከፍተኛው እርከን የሚወዳደር ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ በ16 ስፖርቶች ቡድን ማቆም ግዴታው ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ዋና አሰልጣኝ አለው። ዳይሬክተሩ ከሁሉም በላይ ሆኖ በጀትን፣ ቅጥርን፣ ውልን፣ ስታዲየምንና ለጋሾችን የሚይዝ፣ ተጠሪነቱም በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሆነ አስተዳዳሪ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2025 ለዚህ ቦታ የመረጠው ጆን ዶናሆን ሲሆን፣ እርሳቸው የናይኪ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩ የንግድ ሰው እንጂ አሰልጣኝ አይደሉም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ካለው የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ጋርም መምታታት የለበትም፤ የእኛው የሚያስተምርና የሚያስመርቅ ሲሆን የእነርሱ የአትሌቲክስ ክፍል ግን ዲግሪ አይሰጥም።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ከ2018 ጀምሮ ደራርቱ ቱሉ፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ስለሺ ስኅን መርተውታል፤ ሦስቱም በሩጫ የምናውቃቸው ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው «የአትሌቲክስ መሪ» ሲባል ከመሮጫው ሜዳ የወጣ፣ ሥልጠናውን የሚያውቅና ሯጭ የሚመርጥ ሰው በዐይኑ ቢመጣበት አይፈረድበትም። የሚፈረድበት፣ ይህን ግምቱን ሳያጣራ ለሺህ ሰው የሚናገረው አስተያየት ሰጪ ነው።

በሰሜን ሸዋ ላለ ሰው ነገሩን በደብር አስተዳደር ማየት ይቀላል። አንድ ደብር አለቃ አለው፣ መሪጌታም አለው። አለቃው ሰበካ ጉባኤውን ይመራል፣ የደብሩን ገቢና ንብረት ይጠብቃል፣ የአገልጋዮችን ጉዳይ ያስተዳድራል፤ ማኅሌቱን የሚመራውና ደቀ መዛሙርቱን ዜማ የሚያስጠናው ግን መሪጌታው ነው። ሀገረ ስብከቱ አለቃውን ወደ ሌላ ደብር ቢያዛውረው በማግሥቱ የሚቆመው ማኅሌት አይለወጥም፤ ተማሪውም ከመምህሩ እግር ሥር አይነሣም። ይሁን እንጂ አዲሱ አለቃ ለጉባኤ ቤቱ ግድ የሌለው ከሆነ፣ የመሪጌታውን ደመወዝ ካዘገየና የተማሪዎቹን ጎጆ የሚጠግን ገንዘብ ከከለከለ፣ ውሎ አድሮ መሪጌታው የተሻለ ደብር ፈልጎ ይሄዳል፤ እርሱ ሲሄድ ደግሞ ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንሥተው ይከተሉታል። ዳይሬክተሩ እንደ አለቃው፣ አሰልጣኙ እንደ መሪጌታው፣ ሯጩም እንደ ተማሪው ነው። ንጽጽሩ የማይደርስበት ቦታ ገንዘቡ ላይ ነው፤ በትልልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው የስፖርት ገቢ የሚመጣው ከአሜሪካ እግር ኳስና ከወንዶች ቅርጫት ኳስ ስለሆነ፣ ሩጫ የሚኖረው ሌሎች ባመጡት ገንዘብ ነው። በደብር ግን መሪጌታው የሌላ ማኅሌት ጥገኛ አይደለም።

የአሰልጣኙን ቦታ ለማስታወስ ታሪክም ይበቃል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ በጃቶ መንደር የተወለደውን አበበ ቢቂላን ያነሣ ሰው ስዊድናዊውን አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነንን ያነሣል። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር አሰልጣኙ ጆን ቻፕሊን ነበር፤ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው አትሌቲክስ ዳይሬክተር ማን እንደነበር ግን የሩጫ ወዳጅ አይጠይቅም።

ወደ ደንቡ ስንመጣ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠራል። ኤንሲኤኤ የተባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር በከፍተኛው እርከኑ፣ የአንድ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሲነሣ የዚያ ቡድን አትሌቶች ከመደበኛው ወቅት ውጭ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር መመዝገብ የሚችሉበት ልዩ ጊዜ ይከፍታል። ዳይሬክተር ሲነሣ እንዲህ ያለ ጊዜ አይከፈትም። ደንብ አውጪዎቹ የአሰልጣኙ መሄድ የአትሌቱን ሕይወት በቀጥታ እንደሚነካ፣ የዳይሬክተሩ መሄድ ግን እንደማይነካ ቆጥረው ለይተውታል ማለት ነው። ያ አስተያየት ሰጪ ይህን አንድ አንቀጽ ቢያነብ ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ስኮላርሺፑም ቢሆን የዳይሬክተሩ የግል ስጦታ አይደለም። የገንዘብ ድጋፍ ስምምነቱ በአትሌቱና በዩኒቨርሲቲው መካከል የሚፈረም ነው። አትሌቱ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቃል የሚገባበት፣ እስከ 2024 ይሠራበት የነበረው ብሔራዊ የፈቃደኝነት ደብዳቤም ፈራሚው የሚፈርመው ከተቋሙ ጋር እንጂ ከአሰልጣኝ ጋር አለመሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር፤ ከአሰልጣኝ ጋር ካልሆነ ከዳይሬክተር ጋርማ እንዴት ይሆናል? ስምምነቱ በሚጸናበት ጊዜ ውስጥ ሯጩ ስለ ቀዘቀዘ ወይም ስለ ተጎዳ ብቻ ድጋፉን መቀነስ ወይም መሰረዝ በደንቡ የተከለከለ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የማይታደስ ከሆነም ዩኒቨርሲቲው እስከ ጁላይ 1 ድረስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ አትሌቱም ከአትሌቲክስ ክፍሉ ውጭ ላለ የዩኒቨርሲቲው አካል ይግባኝ የማለት መብት አለው።

እዚህ ላይ፣ የስፖርት አስተዳደር የማስተምር ሰው እንደመሆኔ፣ ሳልጠየቅ የምጨምረው ጥንቃቄ አለ። ይህ ሁሉ የሚሠራው የስፖርት ስኮላርሺፕ በሚሰጥበት ቦታ ነው። በኤንሲኤኤ ሦስተኛ እርከን የሚወዳደሩ ኮሌጆች፣ እንዲሁም እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉት የአይቪ ሊግ አባላት በስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የሚሰጡት ድጋፍ በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ ነው። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ ደግሞ የሙሉ ጊዜ ተማሪነቱን ካቋረጠ ቪዛው ራሱ ይናጋል፤ አትሌቶች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደውንም አሠራር አሜሪካዊው የቡድን ጓደኛው እንደሚጠቀምበት ሊጠቀምበት አይችልም፤ የቪዛው የሥራ ገደብ አለና። እነዚህ ጉዳዮች ከዳይሬክተር መምጣትና መሄድ ጋር አንዳች ግንኙነት ባይኖራቸውም፣ ልጆችን የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ታዲያ የዳይሬክተር ለውጥ ምንም ማለት አይደለም? ትርጉምስ አለው፤ ነገር ግን የሚያመጣው ነገር ቀስ ብሎ የሚደርስ ነው። ዳይሬክተሩ በተነሣ ሳምንት የሚሾመው አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ነው፤ ተጠባባቂው የዕለት ሥራን ያስኬዳል፣ ይፈርማል፣ ነገር ግን ትልልቅ ውሳኔዎችን ለቋሚው ተተኪ ማቆየት የተለመደ ነው። ቋሚው ከተሾመ በኋላ ወሳኙ ነገር በጀቱ ነው። አትሌቶች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. ጁን 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው የዕርቅ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ ለመጀመሪያው የትምህርት ዓመት (2025–26) የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ገንዘብ በብዛት ወደ አሜሪካ እግር ኳስ ሲፈስ ለሩጫ የሚተርፈው ስንት እንደሆነ የሚወሰነው ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀድሞ የወንዶች የትራክ (የመሮጫ ሜዳ ውድድር) እና የአገር አቋራጭ ቡድን በጥቅሉ ከ12.6፣ የሴቶቹ ከ18 ስኮላርሺፕ በላይ መስጠት አይችልም ነበር። ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሁን የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቶ በአባላት ጣሪያ ተተክቷል፤ ለአገር አቋራጭ 17፣ ለትራክ 45 ሰው። ለሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይፈቀዳል፤ ግዴታ ግን አይደለም። አንዱ ዳይሬክተር ብዙ ይሰጣል፣ ሌላው ጥቂት።

ከዚህ የከፋው ቡድኑን መዝጋት ነው። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 የወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ ቡድኑን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ኤፕሪል 2021 ውሳኔውን ሻረ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዚያው 2020 የወንዶችን የቤት ውስጥ ትራክ ዘግቶ ከቤት ውጭ ያለውን ግን አቆየ። ስታንፎርድም 11 ስፖርቶችን እንደሚያቋርጥ ተናግሮ በ2021 ተመለሰ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚነካው የወንዶች ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው፣ በትምህርት ተቋማት የጾታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ የሴቶችን ድርሻ ስለሚጠብቅ። ሆኖም በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የዳይሬክተር ሐሳብ በፕሬዚዳንት ወይም በአስተዳደር ቦርድ መጽደቅ ነበረበት፤ አንድ ሰው ስለመጣ ወይም ስለሄደ ብቻ በአንድ ሌሊት የተዘጋ ቡድን አልነበረም።

ስለዚህ የዳይሬክተር መነሣት ወሬ የደረሰው ወላጅ ወይም ሯጭ ለቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ጽፎ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ፤ የአሰልጣኙ ውል የሚያበቃው መቼ እንደሆነ፣ የልጁ የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ለአንድ ዓመት ወይስ ለአራት ዓመት እንደተጻፈ፣ ዩኒቨርሲቲው የ2025ቱን ስምምነት መቀበሉን፣ ከተቀበለም በትራክ ቡድኑ ውስጥ ለስንት ሰው ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደመደበ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የተሰጠ ተስፋ ይግባኝ ሰሚው ዘንድ አይቀርብም።