ቡድን የሚመራ አማካሪን ማሠልጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ምሳሌ ይዘን እንነሳ። ከቤተሰባቸው ርቀው የተመደቡ 8 የፍሬሽማን ተማሪዎች አሉ እንበል። እንቅልፍ አጥተዋል፣ ትምህርቱም አልያዝ ብሏቸዋል። በሳምንት አንዴ ከአማካሪ ጋር በቡድን ይቀመጣሉ።

«ሰውን ለብቻው ማማከር የቻለ፣ ቡድንም ይመራል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንዷ ተማሪ «ዶርም ውስጥ ማንንም አላናግርም» አለች። አማካሪው ወደ እሷ ዞሮ ጥያቄ ያከታትላል፦ ከመቼ ጀምሮ? ለምን? ሰባቱ ስልካቸውን ይነካካሉ። ይሄ ሌሎች ቁጭ ብለው የሚያዩት የግል ምክር እንጂ የቡድን ሥራ አይደለም። የሠለጠነ መሪ እሷን እየሰማ ሌሎቹንም ያያል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ራሱን ሲነቀንቅ አያመልጠውም። «አንተም የምታውቀው ነገር ይመስላል፤ እስቲ ንገራት» ይለዋል። ልጁም ለአማካሪው ሳይሆን ለእሷ ያወራል።

ይህ በንባብ ብቻ አይመጣም። በአሜሪካ የአማካሪነት ትምህርት ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ካክሬፕ፣ ተማሪዎች ራሳቸው የአነስተኛ ቡድን አባል ሆነው ቢያንስ 10 ሰዓት እንዲሳተፉ ይጠይቃል። እኛም ጋ ቢለመድ እወዳለሁ። በሰው መሀል አፉ የተያዘበትን ስሜት ያልቀመሰ አማካሪ፣ ዝም ያለውን አባል መረዳት ይከብደዋል።

«ችግሩ ያለው ተማሪው ውስጥ ነው»

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን የሰው ባሕርይ ከሰውየውና ካለበት አካባቢ በአንድነት እንደሚመነጭ እ.ኤ.አ. በ1936 በቀመር አስቀምጦታል። ሌላው የሥነ ልቦና ምሁር ዩሪ ብሮንፈንብረነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 አካባቢውን በደረጃ ከፋፈለው። ወደ ተማሪዎቻችን እናምጣው። ቅርቡ ዶርሙ፣ ክፍሉና ቤተሰቡ ነው። ቀጥሎ የእነዚህ መገናኛ አለ፤ እናት «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላ ስትደውል ልጇ «ደህና ነው» የሚልበት ስልክ። ራቅ ሲል፣ እሱ የሌለበት ግን የሚነካው ነገር ይመጣል፤ የአባቱ ከሥራ መውጣት፣ የምደባው ውሳኔ። ከዚያ በላይ ባህሉና የአገሩ ኑሮ አለ። እንቅልፉን የነሳው የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ የአተነፋፈስ ልምምድ ብቻ ማስተማር ግማሽ ሥራ ነው።

«እንዲህማ ከታየ ሁሉም ጥፋቱን በአካባቢው ያላክካል»

ስጋቱ ይገባኛል። ግን ይህ እይታ ሰውየውንም አይተውም። ልጁ ምደባውን መቀየር ላይችል ይችላል፤ የዶርም ጓደኛውን ማናገር ግን ይችላል።

«እድርና ማኅበር ያለን ሰዎች ቡድን መምራት አይቸግረንም»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። አብሮ መቀመጥ እናውቅበታለን። ግን ታላቅን የማስቀደም ልማዳችንም አብሮን ይገባል። በዕድሜ ከፍ ያለው ተማሪ መምከር ይጀምራል፣ ታናናሾቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሠልጣኙ ይህን ማየትና ማንንም ሳያሳፍር ንግግሩን ለሌሎች ማካፈል መለማመድ አለበት። ምስጢር ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። ግቢ ውስጥ የቡድኑ አባላት ነገ ካፌ ሰልፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ምን ከክፍሉ እንደማይወጣ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል።

«ሰዓቱ ሲያልቅ ሥራው አለቀ»

ተማሪዎቹ የሚመለሱት ወደዚያው ዶርም ነው። መሪው ከመለያየታቸው በፊት «እስከ ሳምንት ማንን ታናግራላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ስምንቱም ሌሊቱን ሙሉ በሚበራው መብራትና በጫጫታው ምክንያት አልተኛንም ካሉ ደግሞ፣ በፈቃዳቸው፣ ስም ሳይጠራ፣ የዶርሙን ተቆጣጣሪ (ፕሮክተሩን) ወይም የተማሪዎች ዲኑን ማነጋገር የአማካሪው ሥራ ነው።