የዶክትሬት ምርምር ዓለም አቀፍ ገጽታ በሰሜን ሸዋ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ዓለም አቀፍ ገጽታ ያለው የዶክትሬት ምርምር የሚባለው ተማሪው የተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ፣ አማካሪዎቹ፣ የመስክ ሥራው የሚካሄድበት ስፍራና ፈታኞቹ ከአንድ በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙበት ጥናት ነው። በሰሜን ሸዋ ይህ አሠራር በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይቀድማል። ዞኑ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖረው የመንዝ በግና የጓሳ ሣር በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ማዕረግ ያስገኙ ርዕሶች ነበሩ።

አሠራሩ ከአንድ በላይ መልክ አለው። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው «ሳንድዊች» የሚባለው ሲሆን፣ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ወራት በውጭው ዩኒቨርሲቲ ኮርስ በመውሰድና ፕሮፖዛል በመጻፍ አሳልፎ ለመስክ ሥራ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ከዚያም መረጃውን ለመተንተንና ጽሑፉን ለመጨረስ እንደገና ይሄዳል። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በውል ተስማምተው አንድን ተማሪ በጋራ የሚያማክሩበትና ዲግሪውን በጋራ የሚሰጡበት «ኮቱቴል» የተባለ ሥርዓትም አለ። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ «አውሮፓዊ ዶክትሬት» የሚል ተጨማሪ ዕውቅና የሚሰጠው ተማሪው ቢያንስ 3 ወር በሌላ የአውሮፓ አገር ከተመራመረ፣ ጽሑፉን የሌሎች አገሮች ምሁራን ከገመገሙት፣ ከፈታኞቹ ቢያንስ አንዱ ከሌላ አገር ከመጣና የዲፌንሱ (ጽሑፉ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበትና የሚጠየቅበት መድረክ) አንድ ክፍል ከዩኒቨርሲቲው አገር ቋንቋ ውጭ በሆነ ቋንቋ ከተካሄደ ነው። ይህ የመጨረሻው መስፈርት ቃለ መጠይቁን በአማርኛ አካሂዶ ጽሑፉን ከፕሮፖዛሉ እስከ መደምደሚያው በእንግሊዝኛ ለሚያዘጋጅ የአገራችን ተማሪ ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

የውጭ አጥኚዎች ወደ ሰሜን ሸዋ መምጣት የጀመሩት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደሆነ ይወሳል፤ ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ በአንኮበር ቆይቷል፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስም በ1841 ደርሷል። ይህ ግን ዲግሪ የሚያሰጥ ምርምር አልነበረም።

በሰፊው የተጻፈለት የበግ ጉዳይ ነው። መንዝ የብርዱና የበጉ አገር ነው፤ ባለ ላቱ የመንዝ በግ በአካሉ ትንሽ ቢሆንም ውርጭን፣ የመኖ እጥረትንና የውስጥ ጥገኛ ትሎችን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ከጸጉሩም ባና እና ዝተት ይሠራል። በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተጠቃለለው ኢልካ (ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል) በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ የነበረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ የመንዝና የሆሮ በጎች ጥገኛ ትሎችን የመቋቋም ተፈጥሯዊ ችሎታ ለበርካታ ዓመታት ሲነጻጸር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዶክትሬት ጽሑፍ የአገሪቱን የበግ ዝርያዎች ዘረ መላዊ ልዩነት ከማሻሻያ ስልታቸው ጋር አያይዞ መርምሯል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ከሁሉም በላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። የቪየናው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ (ቦኩ)፣ ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) እና ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር በጎች ላይ ያተኮረ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎችም በቪየና ተመዝግበው የመስክ ሥራቸውን እዚሁ አካሄዱ። ከአጠናን ዘዴዎቻቸው አንዱ ባለበጉን በራሱ መንጋ መካከል አቁሞ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጥ የሚላቸውን እናት በጎች፣ ከዚያም የመጨረሻዋን እንዲለይ ማድረግና ለእያንዳንዷ ምክንያቱን መጠየቅ ነበር። ገበሬው ስለ ቁመናዋ፣ ስለ መልኳ፣ ስለ ላቷና ግልገሏን ስለማሳደጓ የሚሰጠው መልስ ከሚዛኑና ከሜትሩ ልኬት ጎን ይመዘገባል። በዚህ መነሻነት በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ግልገሎች የጆሮ ቁጥር ተደርጎላቸው በ6 ወራቸው ይመዘናሉ፤ ከክብደታቸው ተነስቶ የተለዩትን ወጣት አውራዎች ደግሞ የገበሬዎቹ ኮሚቴ በዓይኑ አይቶ ያጸድቃል፤ የተመረጡትንም ባለበጎች በቡድን ይጋሯቸዋል። በእኛ ግምት ገበሬው ከመረጃ ሰጪነት አልፎ መራጭ የሆነበት ይህ ሥራ ለዶክትሬት ጥናት ትልቅ ክብር ነው።

ይህ ማሻሻያ በአመድ ጓያ የበግ ማራቢያ ከተካሄደው የአዋሲ (ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ የበግ ዝርያ) ድቀላ ጋር ሲወዳደር የትኛው መንገድ ይሻላል የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል፤ ዲቃላው በአካሉ የሚገዝፍ ቢሆንም የተሻለ መኖ የሚፈልግ በመሆኑ መልሱ ምናልባት እንደየአካባቢው ሳይለያይ አይቀርም።

የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ሌላው የምርምር መስክ ነው። ነዋሪው ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን የጓሳ ሣር «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን የፈረሰውም በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን የጋራ ሀብት አጠባበቅ ከቀይ ቀበሮ ሕልውና ጋር አያይዞ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጭላዳ ዝንጀሮን በቋሚነት ሲከታተሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናትም ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል አይጥ ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ያህል እንደሚሳካለት ተመዝግቧል።

በይፋት በኩል የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች እንደ ኖራ ያሉ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞችን ፍርስራሽ መዝግበዋል።

በተግባር የጥናቱን ጊዜ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ፈቃድ ነው። የዱር እንስሳ ጥናት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን፣ ቁፋሮ ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። የበግ ደም ወይም የሣር ዘር ለላቦራቶሪ ወደ ውጭ ለመላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት ግድ ሲሆን፣ የውጭ አገር አመልካች ግዴታውን እንደሚያስከብር የሚገልጽ ደብዳቤ ከአገሩ መንግሥት አካል ማቅረብ አለበት። በመርሕ ደረጃ ምርምሩ በኢትዮጵያ ውስጥና በኢትዮጵያውያን ተሳትፎ እንዲካሄድ፣ ከሚሰበሰበው ናሙናም ቅጂው በኢንስቲትዩቱ እንዲቀመጥ አዋጁ ያዛል። ስለዚህ የመስክ ወቅቱን ለበጋ የያዘ ተማሪ ማመልከቻውን ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ማስገባት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ የመንዝ ክረምት መንገዱን ይዘጋበታል።