የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ እና የውሃ ምርመራው

ፍሎራይድ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ ውሃ ጋር የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው በካይ ነው። የሚመጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል፤ የሸለቆው ጥልቅ ውሃ ግን ሶዲየም እንጂ ካልሲየም አይበዛበትም። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይብስበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ ስለሆነ ኋላ ውሃ ቢቀየርለትም አይለቅም። መጠኑ በጣም ከፍ ያለውን ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው ጀርባውና መገጣጠሚያው ይደርቃል። ከውሃው ሌላ ከሻይና ከምግብ የሚገባው ፍሎራይድ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያከራክራል።

በሰፊው የተጠናው ወንጂ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ የኤች ቪ ኤ የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ከጀመረ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች አከርካሪያቸው ደርቆ ጎብጠዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት ዛሬም መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል፤ የሀገራችን ሕክምና የሚኮራበት ሥራ ነው።

ናሙናው በመስታወት ሳይሆን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር ይዋሃዳልና። ርካሹ መንገድ ስፓድንስ የተባለው ቀለም ነው፦ ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ቀዩ ቀለም ይደበዝዛል። የተሻለው የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ያለው ኤሌክትሮድ ነው፤ ይህ ውሃው ውስጥ ተነክሮ የፍሎራይዱን መጠን በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚያሳይ መለኪያ ነው። መጠኑ አሥር እጥፍ በተለዋወጠ ቁጥር ንባቡ በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 59 ሚሊቮልት ይቀየራል። ስለዚህ መሣሪያው አስቀድሞ የፍሎራይድ መጠናቸው በታወቀ ፈሳሾች ይስተካከላል፣ የናሙናውም ሙቀት ከእነሱ ጋር ይመሳሰላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ነፃውን ፍሎራይድ ብቻ ነው፤ በአሉሚኒየም የተያዘው አይታየውም። የናልጎንዳ ዘዴ የሚባለው ደግሞ ውሃውን በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ያጣራል። ከዚያ የተቀዳ ናሙና አሲድነቱን የሚያጸናና አሉሚኒየሙን የሚይዝ ቲሳብ የተባለ ድብልቅ ሳይጨመርበት ከተለካ ንባቡ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፣ ያልጸዳውም ውሃ የጸዳ ይመስላል።

በአጥንት ከሰል የሚያጣሩ ጣቢያዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከሰሉ ፍሎራይድ ይዞ ሲጠግብ ውሃው በመልኩም በጣዕሙም አይለወጥም። ስለዚህ መቼ እንደሚቀየር የሚታወቀው ከቦኖው በየጊዜው ተቀድቶ ሲለካ ነው።